ዳገት ላይ የሚያነክስ ሞተር፦ ቦቢናው ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን በየቀኑ ወደ ሥራ የምመላለሰው በ2005 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ማታ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቼ የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል፣ የቼክ ኢንጂን መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ሜዳው ላይ ስደርስ ይሻለዋል፤ ጠዋት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይነሣል። አንድ ጋራዥ በኮምፒውተር አይተው «ሦስተኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል» (ተራው ሲደርስ ሳይቀጣጠል ይቀራል) ካሉኝ በኋላ አራቱንም ቦቢና እንድቀይር መከሩኝ። ሌላ ጋራዥ ደግሞ «ሞተሩ መውረድ አለበት» አሉኝ። የሁለቱ ወጪ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልመረምረው የምችለው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ ይኖራል። እንዲያውም የምርመራው እኩሌታ በደብዳቤዎ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ቀዝቅዞ ሲነሣ ደህና የሆነ፣ ሞቆ ዳገት ሲይዝ ግን የሚያነክስ የቤንዚን ሞተር ሲያጋጥም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የእሳቱ መሥመር ነው፤ ይኸውም ቦቢናውና በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታውን የሚፈጥረው ካንዴላው ማለት ነው። የእርስዎ ኮሮላ በየካንዴላው ራስ ላይ የተቀመጡ አራት ትንንሽ ቦቢናዎች አሉት። እያንዳንዱ ቦቢና ከባትሪው የሚመጣለትን 12 ቮልት በሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አማካይነት ከ20,000 ቮልት በላይ አድርሶ ለካንዴላው ያቀብላል፤ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ቦቢና ብቻውን ይህን ሥራ በሰከንድ 25 ጊዜ ይሠራል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየርና ቤንዚን ይበዛል፤ ድብልቁ ይበልጥ በታመቀ መጠን እሳቱ የካንዴላውን ክፍተት ለመዝለል የሚፈልገው ቮልት እየጨመረ ይሄዳል። ጥቅልሉ የደከመ ወይም ካንዴላው ላይ የሚጠልቀው ጎማው የተሰነጠቀ ቦቢና ሜዳ ላይ እንደምንም ይሠራና ዳገቱ ላይ ሲደርስ እሳቱ በክፍተቱ መዝለሉን ትቶ በጎማው ስንጥቅ ወደ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ብረት ይሸሻል። ሙቀቱም የራሱ ድርሻ አለው፤ በጥቅልሎቹ መካከል ያለው መከላከያ ካረጀ ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገጥማል። ጠዋት የሚያዩት ደህንነት ጥፋት አለመኖሩን የማያረጋግጠው ለዚህ ነው።

ይህ ግን ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። የኮምፒውተሩም ቃል ቢሆን ምን ያህል እንደሚናገር ማወቅ ያስፈልጋል። መሣሪያው ያነበበው ፒ0303 የሚባለውን ኮድ ሳይሆን አይቀርም፤ የመጨረሻው አኃዝ የሲሊንደሩ ቁጥር ነው። ፒ0300 ቢሆን ኖሮ መቅረቱ በአንድ ሲሊንደር ላይ ሳይወሰን ይዘዋወራል ማለት ነበር። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያውቀው ቦቢናውን ፈትሾ አይደለም። በክራንክሻፍቱ አጠገብ ያለ ሴንሰር የዘንጉን ፍጥነት ይከታተላል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር በተቀጣጠለ ቁጥር ዘንጉ በጥቂቱ ስለሚፈጥን፣ የሦስተኛው ተራ ደርሶ ፍጥነቱ ሳይጨምር ሲቀር «ሦስተኛው ቀረ» ብሎ ይመዘግባል። የቀረው ቦቢናው ደክሞ ይሁን፣ ካንዴላው ሞቶ፣ ቤንዚኑን የሚረጨው ኢንጀክተር ተደፍኖ ወይም ቫልቩ አልገጥም ብሎ፣ ምዝገባው አንድ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ሰውነት በሚያራግፍ ኮብልስቶን ላይ ጎማዎቹ ዘንጉን ስለሚያንገጫግጩት ይህ አቆጣጠር ሊደናገር ይችላል፤ የእርስዎ ግን ጥሩ አስፋልት ላይ የታየ ስለሆነ አያሳስብም።) ከፒ0351 እስከ ፒ0354 ካሉት ኮዶች አንዱ አብሮ ቢወጣ ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ቦቢናው ወይም ወደ ሽቦዎቹ ይጠጋ ነበር።

እንግዲህ አራቱን ቦቢና ቀይሩ ያሉት ባለሙያዎች ከኮዱ ወደ ዕቃው የዘለሉት መሐል ያለውን ምርመራ ትተው ነው። ዕድለኛ ከሆኑ ጥፋቱ ይጠፋል፤ ካልሆኑ ግን አራት አዲስ ቦቢና የገጠመ፣ አሁንም የሚያነክስ መኪና ይዘው ይቀራሉ። ሞተሩ ይውረድ ያሉት ደግሞ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ለክተው ቁጥሩን ካላሳዩዎት በስተቀር ምክራቸውን ለጊዜው ያቆዩት።

ከምርመራው በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የቼክ ኢንጂን መብራት ሳይንቀሳቀስ ሲበራ ጥፋት ተመዝግቧል ማለት ነው፤ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ጥፋቱ በዚያችው ደቂቃ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ማርሚታው መሥመር ወርዶ ጭሱን በሚያጣራው ካታሊቲክ ውስጥ ስለሚቀጣጠል፣ ካታሊቲኩ ከልክ በላይ ግሎ ውስጡ ይቀልጣል። ስለዚህ መብራቱ ብልጭ ማለት ሲጀምር ነዳጁን ቀንሱ፣ ማርሹን ዝቅ አድርጉና በቀስታ ውጡ፤ ካላቆመም ከመንገዱ ዳር ቁሙ። ካታሊቲኩ ቀድሞ ተነቅሎ የተሸጠ መኪና ይህ ሥጋት የለበትም፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልግዎ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ከውስጡ ጎማ ያለው 16 ቁጥር የካንዴላ ቡሽላ ከነማራዘሚያው፣ የእጅ ባትሪና ንጹሕ ጨርቅ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ ይሁን፤ ይህን ከልቤ የምለው ጀማሪ ሳለሁ ከጋለ ሞተር ካንዴላ ልፈታ ታግዬ የአሉሚኒየሙን ቴስታታ ጥርስ ስለበላሁና የአንድ ወር ደመወዜን ስለከፈልኩበት ነው። የላይኛውን ፕላስቲክ ሽፋን ሲያነሡ አራቱ ቦቢናዎች በአንድ መሥመር ተደርድረው ይታያሉ። ቺንጊያው ባለበት በኩል ያለው አንደኛው ሲሊንደር ነው፤ ከዚያ ተነሥተው ሦስተኛውን ይቁጠሩ። ቁልፉ ጠፍቶ መሆኑን ያረጋግጡና የሦስተኛውንና የአንደኛውን ቦቢና ሶኬቶች መቆለፊያቸውን ተጭነው ያላቅቁ፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት ስለሚደርቅ አይጎትቱት፣ ይሰበራል። ብሎኖቹን ፈትተው ቦቢናዎቹን በጥቂቱ ግራና ቀኝ እያዟዟሩ ወደ ላይ ያውጧቸው። ከዚያ የሦስተኛውን ቦቢና በአንደኛው ቦታ፣ የአንደኛውን በሦስተኛው ቦታ ይግጠሙ። ካንዴላዎቹን ግን አሁን አይንኳቸው። የሁለት ዕቃ ቦታ በአንድ ቀን ከቀየሩ የትኛው ጥፋቱን ይዞ እንደሄደ ማወቅ አይችሉም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ኮዱን አስጠፍተው በተለመደው ሰዓት የተለመደውን ዳገት ይውጡ። ግቢ ውስጥ ቆሞ ነዳጅ እየሰጡ ማዳመጥ ለእርስዎ ጥፋት አይበቃም፤ ሞተሩ ጭነት ካልተሸከመ አያነክስምና፣ ከአዲሱ ገበያ እስከ ኬላው ያለው መንገድ ከየትኛውም ጋራዥ መሣሪያ የተሻለ መፈተኛ ሆኖ ያገለግልዎታል። አሁን ኮዱ ፒ0301 ሆኖ ከተመለሰ ጥፋቱ ቦቢናውን ተከትሎ ሄዷል ማለት ነው፤ አንድ ቦቢና ይገዛሉ፣ ነገሩም በዚያ ያልቃል። ፒ0303 ሆኖ ከተመለሰ ቦቢናው ነጻ ነው። ኮድ የምታነብ ትንሽ የኦቢዲ መሣሪያ ከስልክዎ ጋር አገናኝተው ቢጠቀሙ ድካሙ ይቀላል፤ ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ላይ ትሰካለች።

መሣሪያው ከሌለዎትና ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆሞ ሳለ ጭምር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ የየቦቢናውን ትንሽ ሶኬት ተራ በተራ ማላቀቅ ይቻላል። ሞተሩን ያጥፉ፣ አንዱን ሶኬት ያላቅቁ፣ ያስነሡና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያዳምጡ፣ ከዚያ አጥፍተው ይመልሱት። ጤነኛው ሲላቀቅ መንቀጥቀጡ ይብሳል፤ የታመመው ሲላቀቅ ግን ለውጥ አይሰማም፣ ቀድሞውንም አይሠራ ነበርና። በድሮዎቹ መኪኖች ላይ የካንዴላ ሽቦ ሞተሩ እየዞረ በእጅ ሲነቅሉ ያደጉ መካኒኮች አሉ፤ በእነዚህ ቦቢናዎች ላይ ያንን ማድረግ ለሰውም ለኮምፒውተሩም አደገኛ ነው። ሞተሩ እየሠራ ቦቢናውን ከካንዴላው ላይ በፍጹም አያንሡት።

አንዳንድ አንባቢዎች ቦቢናውን በኦም መለኪያ ለመፈተሽ ይሞክራሉ። ሁለት እግር ያላቸው ቦቢናዎች ላይ ይህ ይጠቅማል። የእርስዎ ግን አራት እግር ያለውና የእሳቱን ማብሪያ ማጥፊያ ኤሌክትሮኒክስ በውስጡ የያዘ ስለሆነ መለኪያው የሚሰጥዎ ቁጥር አያስተማምንም። ከዚህም ሌላ ጥፋቱ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛ ቦቢና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መለካት፣ በሽተኛን ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ እንደ መመርመር ነው።

ቦቢናው በእጅዎ እንዳለ ጎማውን በብርሃን ይመልከቱት። ነጠብጣብ የመሰለ የተቃጠለ ቀዳዳ ወይም ፀጉር የሚያክል ጥቁር መሥመር ካለበት እሳቱ የሸሸበት መንገድ ያ ነው። ጎማው በዘይት ረጥቦ ከለሰለሰና ካበጠ ደግሞ ቦቢናውን ብቻ መቀየር ከንቱ ነው፤ ዘይቱ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ የሚገባው የቫልቭ ሽፋኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ስላረጀ ነውና፣ እሱ ካልተቀየረ አዲሱም ቦቢና በወራት ውስጥ የአሮጌውን ዕጣ ያገኛል።

ጥፋቱ ከሦስተኛው ሲሊንደር አልንቀሳቀስ ካለ ቀጣዩ ካንዴላው ነው፤ እሱንም በዚያው መንገድ ከሌላ ጋር ያዛውሩት። ከመመለስዎ በፊት ግን አራቱንም በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድረው ያንብቧቸው፣ ካንዴላ ብዙ ይናገራልና። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን በዝቶበታል ወይም እሳቱ ደክሟል ይላል። የሚያብለጨልጭ እርጥብ ጥቁር ዘይት እየገባ መሆኑን ይመሰክራል። ነጭ ሆኖ የተጠባበሰ ከሆነ አየር በዝቶበታል ወይም ከልክ በላይ ይግላል። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት እርጥብ ካንዴላ ካገኙ ነዳጁ ደርሶት እሳቱ እንደቀረ ያውቃሉ። በነጩ ሸክላ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን ጥቁር መሥመር ካዩ ካንዴላውንም የቦቢናውን ጎማም አብረው ይቀይሩ፤ አንዱን ብቻ ከቀየሩ አሮጌው አዲሱን ያበላሸዋል። ክፍተቱ በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች 1.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ተበልቶ የሰፋ ክፍተት ቦቢናውን ከዐቅሙ በላይ ስለሚያሠራው፣ «ቦቢና ይበላል» የሚባሉት መኪኖች ብዙውን ጊዜ ካንዴላቸው በወቅቱ ያልተቀየረ ናቸው። ተራው ካንዴላ ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር፣ ኢሪዲየሙ ደግሞ 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገለግላል። ሲመልሱት በእጅዎ በማራዘሚያው ብቻ አዙረው ያስጀምሩት፤ ከመጀመሪያው ጥርስ ጀምሮ ቁልፍ የፈለገ ካንዴላ ጠምሞ ገብቷል ማለት ነው።

ካንዴላውም ነጻ ከወጣ ቤንዚኑ ይቀራል፤ ረጅም ካቻቢቴ በኢንጀክተሩ ላይ አሳርፈው እጀታውን ወደ ጆሮዎ ቢያስጠጉ የየራሳቸውን ቶሎ ቶሎ የሚል ጠቅታ ይሰማሉ፣ ዝም ያለው ወይም ድምፁ የተለየው ይጠረጠራል። ከአየር ማጣሪያው በኋላ ሾልኮ የሚገባ አየር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው በሚኒሞ እንጂ በዳገት ስላልሆነ እዚህ ላይ አልቆይበትም።

ኮምፕሬሽኑ ግን ጥቂት ቃል ይፈልጋል፤ «ሞተሩ ይውረድ» የሚለው ምክር የሚጸናውም የሚወድቀውም በእሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ሱሉልታም ከዚያ ስለምትበልጥ፣ በእኛ አካባቢ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተሩ የሚያምቀው ያንን የሳሳ አየር ስለሆነ የመለኪያው ንባብም በዚያው ልክ ይወርዳል። ለምሳሌ የፋብሪካው መመሪያ 13 ባር የሚል ከሆነ በእርስዎ ግቢ ወደ 10 ባር ቢነበብ ሞተሩ ደክሟል ማለት አይደለም። መመሪያውን ብቻ እያየ «ኮምፕሬሽን የለውም» የሚል ባለሙያ ሲገጥምዎ ይህን ያስታውሱት። ዋናው ነገር አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፤ ሦስተኛው ከሌሎቹ ከ1 ባር በላይ ከራቀ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ሲለኩት ንባቡ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ፣ ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው።

ቦቢና መግዛት ካስፈለገ ሶማሌ ተራ ወርደው አሮጌውን ይዘው፣ ቁጥሩንና የሶኬቱን እግሮች አስተያይተው ይግዙ። የዴንሶ ወይም የኤንጂኬ ስም የታተመበት ካርቶን ሁሉ ከእነሱ ፋብሪካ የወጣ አይደለም፤ በጣም የረከሰው ብዙ ጊዜ በዳገቱ ላይ ይጋለጣል። በእኔ ግምት ርካሽ አዲስ ከመግዛት ተፈትሾ የተገኘ ኦሪጂናል ሳልቫጅ (ከሌላ መኪና የወጣ) ይሻላል፣ ሻጩ ካልሠራ እንደሚመልስልዎ ከተስማሙ። የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለታገደ ይህን ኮሮላ ገና ለብዙ ዓመት ይነዱታልና፣ የወጣውን ደህና ቦቢና ሁሉ አይጣሉ፤ አንዱ ለመጠባበቂያ በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሰበታ ነው የምኖረው። ቪትዜን ላቫጆ ወስጄ ሞተሩን ጭምር ካሳጠብኩ በኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከመታጠቡ በፊት ምንም አልነበረውም። ቦቢናው ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ገና አይግዙ። ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ በቦቢናው ዙሪያ ገብቶ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ሳይጠራቀም አልቀረም፤ እሳቱም በካንዴላው ከመዝለል ይልቅ በውኃው በኩል ማለፍ ይቀልለዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቦቢናዎቹን አውጥተው በጉድጓዶቹ ውስጥ በባትሪ ይመልከቱ። ውኃው ካለ ካንዴላውን ከመፍታትዎ በፊት ያድርቁት፤ አለበለዚያ ውኃውም ጭቃውም ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ጎማ የሚሞላ ሰው ጋ ሄደው በኮምፕሬሰሩ ማስነፋት ይቻላል፣ ዓይንዎን ግን ይሸፍኑ። የቦቢናዎቹን ጎማና ሶኬቶቹን በጨርቅ ጠርገው ጥላ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ያቆዩዋቸው። ከደረቀ በኋላም የሚያነክስ ከሆነ ለሱሉልታው አንባቢ የጻፍኩትን ቦታ ማለዋወጥ ያድርጉ፤ ቪትዝዎ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ከሆነ ከሦስት አንዱ ሲቀር መንቀጥቀጡ ከአራቱ ይልቅ የበረታ መሆኑ አያስደንግጥዎ። ከእንግዲህ ሞተሩ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠረግ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ውስጥ በአሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ታክሲ እሠራለሁ። አንድ ቦቢናና አራት የካንዴላ ሽቦ ያለው ነው። ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ሚስ ያደርጋል። ኮምፒውተር የለውምና እንዴት ልፈትሸው?

መልስ፦ የእርስዎ መኪና የሚመረመረው በዓይን ነው፤ ጨለማ ግን ያስፈልጋል። የመንገድ መብራት የሌለበት ሰፈር መኖር ለአንድ ጊዜ ይጠቅምዎታል ማለት ነው። በምሽት መኪናውን ውጭ አቁመው፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘው ሞተሩን ያስነሡና ኮፈኑን ይክፈቱ። ከርቀት ሆነው ከሚረጭ ጠርሙስ ትንሽ ጤዛ ያህል ውኃ በሽቦዎቹ ላይ ያሳርፉ፤ የተሰነጠቀው ሽቦ ሰማያዊ ብልጭታ እያወጣ ወደ ብረቱ ሲዘል ያዩታል። የክረምቱ ጠዋት እርጥበት በመኪናዎ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በዚህ ጊዜ እጅዎን ከሽቦዎቹም ከሚዞረው ቺንጊያም ያርቁ፣ የልብ መሣሪያ የተገጠመለት ሰውም አጠገቡ አይቁም።

ብልጭታ ካላዩ ሞተሩን አጥፍተው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በኦም መለኪያ ይለኩ፤ ለቶዮታ አንዱ ሽቦ ከ25,000 ኦም ማለፍ የለበትም። ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተው ውስጡን ይመልከቱ፤ እርጥበት፣ ነጭ ዝገት ወይም ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የተሰመረ ጥቁር መሥመር ካለ ክዳኑና በውስጡ የሚዞረው ክፍል አብረው ይቀየራሉ። አንዱ ቦቢና አራቱንም ሲሊንደሮች ስለሚመግብ፣ ቦቢናው ራሱ ሲደክም አንድ ሲሊንደር ብቻ አይቀርም፤ ሞተሩ በሙሉ ይንተባተባል ወይም ሞቆ ይጠፋል። የአንድ ሲሊንደር መቅረት ካለብዎ ስለዚህ ቦቢናውን ተዉትና ሽቦውንና ካንዴላውን ይያዙ።

ሽቦዎቹን ሲፈቱ ደግሞ አራቱን በአንድ ጊዜ አይንቀሉ፤ አንዱን አውጥተው፣ አዲሱን በቦታው መልሰው ወደ ቀጣዩ ይለፉ። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነውና፣ ሁለት ሽቦ ቢለዋወጥ ሞተሩ በካርቦራቶሩ በኩል እየተኮሰ አልነሣ ይልዎታል።